ዝቅተኛው ቁጥር

መስከረም 9

ዘንድሮም ወጣን፣ እኔና ወንድምጋሼ። ሁለት ተጣጣፊ ወንበር፣ አንድ ፔርሙስ ሻይ፣ መነጽሮቻችን፣ ሁለቱ የእጅ መቁጠሪያዎች። በጋራው አናት ተቀምጠን፣ ከደረቀችው ዛፍ በላይ ያለፈውን ሁሉ፣ ንስርም ይሁን ጭልፊት፣ በአውራ ጣት ቀጭ ማድረግ ነው። ማውራት የለም። ሰዓቱ ሲሞላ ታላቅ ቀድሞ ቁጥሩን ይጠራል፣ ታናሽ ይከተላል። መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ዝቅተኛው ነው። «ከሚጋነን ቢጎድል ይሻላል» ይላል ወንድምጋሼ። ደንቡን ያወጣው ራሱ ነው፣ የዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት። ደመወዝ የለው፣ አበል የለው… ሰው ሥራ ፈቶች ይለናል።

ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድቶ ዶሮ እንኳ አልገጨም። በዓይኑ አይታማም ነበር። እኔ ልብስ ሰፊዋ ስልሳ ልደፍን ነው፣ አሁንም «ሚጣ» ይለኛል።

የመጀመሪያው ሰዓት። እሱ 31 አለ። እኔም 32 አልኩ።

የእኔ 58 ነበር።

መስከረም 10

ለምን እንደምዋሽ እዚህ እንኳ ልጻፈው። የሁለት ቆጣሪዎች ቁጥር በጣም ከተራራቀ የወፍ ቆጠራው አስተባባሪ ዓይን ታስመረምራለች። ከተመረመረ ደግሞ ከዚህ ጋራ ይወርዳል። ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ የቀረው ይህ ብቻ ነው።

አምና እኔ ቀጭ ባደረግኩ ቁጥር አንገቱን ቀና ሲያደርግ አየሁት። ያላየውን ወፍ ሳይ እየተሳቀቀ መሰለኝ። አንጀቴን በላው። ከዚያ ወዲህ መቁጠሪያዬን በሻርፕ ጠቅልዬ ነው የምጫነው። እምብዛም አይሰማም።

መዝገቡንስ ማን ያነበዋል?

መስከረም 18

የእሱ 12። የእኔ 49። 12 ተጻፈ።

መስከረም 19

ስንወርድ ድንጋይ አደናቀፈው። «ይሄ ድንጋይ አምና አልነበረም» አለ። ሳቅን። ድንጋዩ ከእኛ በፊትም ነበር።

ጥቅምት 2

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላሉ፤ የእኔ ጉድ መስከረም እስኪያልቅ ጠበቀ። አስተባባሪዋ ደወለች። ትልቁ የኤሌክትሪክ መስመር በጋራው ላይ እንዲያልፍ ተወስኗል። በሸለቆው በኩል ይሂድ የሚል ሐሳብ ነበር አሉ፣ ወፎቹን እንዳይፈጅ። ግን የሁለት ዓመቱን መዝገብ ሲያዩ በጋራው የሚያልፈው ወፍ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። «የእናንተ መዝገብ ነው የወሰነው» አለችኝ።

መዝገቡን የሚያነበው ሰው ነበረ ለካ።

አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች። እኔ ነኝ።

ጥቅምት 4

ነገርኩት። ወጥ ቤቱ ውስጥ ሽንኩርት ይልጥ ነበር፣ በዳበሳ።

«ወንድምጋሼ፣ ቁጥሩ ውሸት ነው። ዓይንህ እንደደከመ ስለገባኝ… ያንተን ነበር የምደግመው።»

ቢላውን አስቀመጠ። ይቆጣል ብዬ ነበር። ምነው በተቆጣ።

«ሚጣ፣ እኔ ሰማይ ላይ ወፍ ካየሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ያንቺን መቁጠሪያ እየሰማሁ ነበር የምቆጥረው። አንቺ ቀጭ ስትይ እኔም ቀጭ።»

አንገቱን ቀና ያደርግ የነበረው ተሳቅቆ አልነበረም። ጆሮውን እየሰጠኝ ነበር።

ሻርፑን ነገርኩት።

«እኔኮ አለቁ ብዬ ነበር» አለ። «ድምፁ እየራቀ ሲሄድ… ወፎቹ ጠፉ ብዬ። እንዳታዝኚ ብዬ አላነሳሁብሽም።»

እሱ ለእኔ ሲል ዝም፣ እኔ ለእሱ ስል ዝም። አንዳችን አፍ ቢኖረን ምን ነበር?

ጥቅምት 8

ይህን ደብተር ይዤ ቢሮ ሄድኩ። እውነተኛው ቁጥር ያለው እዚህ ብቻ ነው። አስተባባሪዋ ገጹን አገላበጠች፣ አዘነችም። ከዚያ ትልቁን መዝገብ ከፍታ ፊርማዎቹን አሳየችኝ። በየገጹ ሁለት ሁለት። የእሱ የተንጋደደ፣ የእኔ ቀጥ ያለ።

«እኅቴ፣ በየትኛው ልመንሽ?» አለችኝ።

ቢሆንም ለበላይ እጽፋለሁ ብላለች። ውሳኔው ግን አይመለስም።

ጥቅምት 21

የመጨረሻው ቀን። አልመጣም ብሎ ነበር፣ ጠዋት ግን በሩ ላይ ካፖርቱን ለብሶ አገኘሁት። ክንዱን ይዤ ወጣን። ሻርፑን ቤት ተውኩት።

የደረቀችው ዛፍ የለችም። በቦታዋ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል። ሁለት ሠራተኞች ሌላውን ችካል በመዶሻ ይመታሉ። ወንድምጋሼ በዚያ በሹፌር ድምፁ «ወንድሞቼ፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ ዕረፉልኝ፤ መስማት አቃተኝ» አላቸው። ምን እንደሚሰማ አልገባቸውም፣ ግን መዶሻውን አስቀምጠው ተቀመጡ። ሻይ ቀዳሁላቸው።

ቆጠርኩ። ጮክ አድርጌ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። እሱ መቁጠሪያውን አልያዘም። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያዳምጣል።

ሰዓቱ ሞላ። ታላቅ ይቀድማል።

«ሰባ አራት» አለ።

«ሰባ አራት» አልኩ። ዝቅተኛ የለም። ጻፍኩ። ጣቱን ይዤ መስመሩን አሳየሁት፣ ፈረመ።

«ይህን ያህል ያልፉ ነበር?»

«አዎ።»

«አምናም?»

«አዎ ወንድምጋሼ፣ አምናም።»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወደ ሠራተኞቹ ዞሮ፣ ጨርሰናል፣ ቀጥሉ አላቸው።