ባለ ዶሮው ሳሙና

የካቲት 6
ጠዋት ሱቁን ጠርጌ ከፈትኩ። አቧራ፣ ሙቀት... ወይጦ ያው ወይጦ ነው። ከሰዓት ሕዝቅኤል ከጂንካ ዕቃ ጭኖ መጣ፣ ያ ልቤን የሚያደርቀው አከፋፋይ።
«የሺ፣ ዘይት ከፈለግሽ ንጋት ሳሙናንም ትወስጃለሽ።»
«ደንበኞቼ የሚገዙት ባለ ዶሮውን ነው። የወረቀቱን ሥዕል ነው የሚያውቁት።»
«አስለምጃቸዋ!»
አስለምጃቸዋ! ሱቁ የእሱ ነው እንዴ? አልወሰድኩም። ዘይቱን በሙሉ ፊት ለፊቴ ላለው ባለሱቅ ለጎሳዬ አራገፈለት። ሆን ብሎ፣ እያየሁት።

የካቲት 11
ዘይት ፈላጊው ሁሉ ጎሳዬ ጋ ገባ። ያንኑ ንጋት ሳሙናም እዚያው ይገዛል። «የሺ፣ ዛሬ ዕረፍት ነሽ?» ይለኛል ጎሳዬ ከበሩ ላይ ቆሞ። ጥርሱ ይርገፍ!

የካቲት 24
ደስ አለኝ፣ ምን እደብቃለሁ? የጉድጓዳችን ውሃ ጨው ጨው ይላል፣ ንጋት በሱ አረፋ አያወጣም! ሴቶቹ እየተራገሙ ወደ እኔ ተመለሱ። የፀማይዋ ደንበኛዬ ቤኪ ባለ ዶሮውንም ልጬ በውሃ ልሞክር አለች። ሳቅኩባት። «ዶሮው እያለ ምን ይሞከራል?» አምናኝ ሄደች።

መጋቢት 2
ሕዝቅኤል ራሱ ባለ ዶሮውን ይዞልኝ መጣ። ዘይትም ጨመረልኝ። «በቃ፣ አሸነፍሽ» አለ። ሳቁ አላማረኝም... ግን ካርቶኑን አቅፌ ገባሁ።

መጋቢት 9
ቤኪ ከሌሎች ሴቶች ጋር መጣች። ከአዲሱ ካርቶን የገዛችውን ሳሙና ባንኮኒው ላይ ወረወረችው።
«አረፋ የለም። ዶሮ ውሸት። አንቺ ውሸት።»
ከመደርደሪያው አንዱን አንስቼ ላጥኩ። ባለ ዶሮው ቢጫ ነበር። ይሄ ነጭ... ያው ንጋት! ወረቀት ቀይሮ ሸጠልኝ፣ ሌባ! እኔስ? አንድ እንኳ ሳልልጥ። ለካ ሥዕል አይቼ የምገዛው እኔም ነኝ። ሴቶቹ ወጡ። የቤኪን ዓይን እንዴት ልርሳው?

መጋቢት 10
አልከፈትኩም።

መጋቢት 23
ሱቁ በር ላይ ሳፋ ሙሉ የጉድጓድ ውሃ አስቀምጫለሁ፣ ሳሙና መሞከሪያ። ሕዝቅኤል ሌላ ካርቶን ይዞ መጣ። «ይሄኛው እውነተኛው ነው!»
«ልጠህ እጅህን ታጠብ።»
«ሰው ፊት?»
«ሰው ፊት!»
ቤኪ መንገድ ዳር ቆማ ታያለች። አሸ፣ አሸ... ምንም። እጁን በሱሪው ጠረገ። «ሁለተኛ ዕቃ አላወርድልሽም!»
አታውርድ! ገደል ግባ!
ቤኪ ገባች። በሾፌር ከአርባ ምንጭ ካስመጣኋቸው ሳሙናዎች አንዱን አነሳች፣ ሥዕል የለውም፣ ስሙንም ገና አልለመድኩትም። ሳትጠይቀኝ ልጣ ሳፋው ውስጥ አሸችው። አረፋው እስከ ክንዷ ደረሰ።
«ይሄን አምጪ» አለችኝ፣ ሳትስቅ።
እሺ አልኳት።