ሩሪ ማካስኪል ረዳት ጠይቆ ስላገኘው መልስ የቀረበ ምስጋና

ለክብርት ወይዘሮ ግሌኒስ ሃቨርስቶክ፣
የአውራጃው የቤት ለቤት እንክብካቤ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ኬፕ ብሬተን

ክብርት ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጉልበትዎ እንዳይከዳዎት፣ እጅዎ ማንኪያ ከማንሣት እንዳይሰንፍ ከልብ እመኛለሁ፤ አንዴ ከተጓደለ ወደ ራስዎ መሥሪያ ቤት ማመልከት ይመጣልና።

እኔ ዜልማ ሳምሶን እባላለሁ፤ ከዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ በተሽከርካሪ ወንበር የምሄድ፣ የሟች የሩሪ ማካስኪል የቅርብ ጎረቤት ነኝ። ሩሪ ጡንቻ የሚያመነምን በሽታ ይዞት እጆቹ ከከዱት በኋላ እንኳ የሰፈሩን ሰዎች ቫዮሊን በጆሮው ብቻ እየሰማ፣ እየተቆጣ ያስተምር ነበር። ሊሞት የደረሰ ሰው አልነበረም። የጠየቀው አልጋው ላይ የሚያገላብጠውና ጠዋት የሚያነሣው ረዳት ብቻ ነው። ስለተደረገለት ሁሉ እንደሚከተለው አመሰግናለሁ።

፩. ማመልከቻው «በሂደት ላይ» መሆኑን ለዐሥራ አራት ወር ሳትሰለቹ ስለነገራችሁት አመሰግናለሁ። በዚያ ጊዜ ጀርባው ቆስሎ አጥንቱ እስኪታይ ደረሰ፤ ከወንበሬ ተንጠራርቼ ቁስሉን ስጠርግለት የነበረው ሽታ ዛሬም ከአፍንጫዬ አልወጣም። እንዲህ ያለው ነገር በሪፖርት ላይ ስለማይጻፍ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

፪. ስለ ረዳቱ ደውሎ በጠየቀ ቀን ሠራተኛዎ ድምፅዋን አለስልሳ፣ «አቶ ማካስኪል፣ ሌላም አማራጭ እንዳለዎት የነገረዎት ሰው አለ?» ማለቷን አደንቃለሁ። አማራጩ አንድ ሐኪም እመኖሪያው ድረስ መጥቶ በመርፌ እንዲገድለው ነበር። ሩሪ መጀመሪያ ሳቀ። «አንቺ ዜልማ፣ ረዳት ብጠይቅ ገዳይ ሰጡኝ እኮ!» አለኝ። ከሁለት ወር በኋላ ግን መሳቁን ተወ።

፫. ስለ ፍጥነታችሁም አመሰግናለሁ። ለረዳት የጠፋው ሰው ለዚህ ሲሆን፣ ሩሪ እሺ ባለ በሦስተኛው ቀን ቅጽ ይዞ በር አንኳኳ። በሐኪም እጅ መሞትን የሚፈቅደው ሕግ ዘጠና ቀን ይጠበቅ ይላል፤ ዘጠናውን ጠብቃችሁ ከዚያ በላይ አንድም ቀን አላባከናችሁም። በመጨረሻው ሳምንት እጁን ይዤ፣ «ሩሪ፣ በናትህ ተው» ብዬ ለመንሁት።

«መኖር መች ሰለቸኝ፤ መለመን ነው የሰለቸኝ» አለኝ።

በቅጹ ላይ ግን «ሊቋቋመው የማይችል ሥቃይ» ተብሎ ተጻፈ። ልመና የሚል ሳጥን ቅጹ የለውም። ማክሰኞ ጠዋት ሞተ።

ቀጣዩን በቁጥር ለማስፈር እጄ አልታዘዘኝም። ከቀብሩ በዘጠነኛው ቀን ልብሶቹን ሳጣጥፍ ስልኩ ጮኸ፤ ሌላ ሠራተኛዎ ረዳት እንደተፈቀደለትና ሰኞ እንደሚጀምር አበሠረችኝ። ሞቷል አልኋት። «እንግዲያው ማመልከቻውን እዘጋዋለሁ። ሌላ ልረዳዎት የምችለው ነገር አለ?» አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ ልብሶቹን ማጣጠፌን ቀጠልሁ።

ባለፈው ሳምንት ሕጉን ለማስፋት በተጠራው ስብሰባ ላይ እርስዎ ስለ «ክብር ያለው ሞት» ሲናገሩ አዳመጥሁ። የመናገር ዕድል ጠይቄ ያልሁትን ምናልባት አልሰሙኝ ይሆናልና ልድገመው፤ ጤነኛ ሰው ልሙት ሲል እጁን ይዛችሁ ታስተርፉታላችሁ፤ እኛ ስንል ግን እስክሪብቶ ታቀብላላችሁ።

ከእንክብካቤዎ ተርፋ ለመሰንበት ሌት ተቀን የምትተጋ፣
አክባሪዎ ዜልማ ሳምሶን

ማስታወሻ፦ ከእናቴ ወገን ዘጠና ሳይሞላት የሞተች ሴት የለችም፤ እኔ ገና አርባ ስድስቴ ነው። በዚህ ምክንያት በመሥሪያ ቤትዎ ላይ ለማደርሰው የረጅም ዘመን መጉላላት ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።