የማዳም ቁልቋል

ሰኔ 4
ይህን መጻፍ ያሳፍራል... ግን ለማን ልናገር? የቁልቋል ገረድ ሆኛለሁ። ማዳም ከጂዛን ከተማ ገዝታ አመጣችው። ጡጫ አያህልም። አናቱ ላይ ቀይ አበባ አለው። የእንግዳው ክፍል ውስጥ የራሱ ጠረጴዛ ተሰጠው። እኛ አገር አጥር ነው፤ ማን ዞር ብሎ ያየዋል? እዚህ ዐረብ አገር ሲመጣ ጌታ ሆነ። እኔ የምበላው ወጥ ቤት ወለል ላይ ነው።

ሰኔ 9
የአቧራ ነፋስ። ቤቱ ሁሉ ዱቄት። «ያላ፣ ቁልቋሉንም አጽጂው!» አለች። በጥርስ ብሩሽ። ጣቴ ደማ። እሾህ የሚቦረሽበት ቤት...

ሰኔ 13፣ ዓርብ
የማዳም እህት ሙኒራ መጣች። ማዳም ስልኬን ከቆለፈችብኝ ወዲህ እናቴን የማገኘው በሙኒራ ስልክ ነው፤ ዓርብ ዓርብ ብቻ። ዛሬም ሰጠችኝ። ደግ ናት። ስትወጣ አበባውን አይታ «ሲያምር!» አለች። ከዐይን የሚጠብቀውን «ማሻአላህ» ማለት ረሳች። የማዳም ፊት ጠቆረ።

ሰኔ 16
ጉዴ ፈላ። ስቦርሸው አበባው ወለቀ። ሥሩ ደረቅ ሙጫ ነው! የደረቀ አበባ ቀለም ነክረው፣ ለጥፈው ሸጡላት። እሷም ለእንግዳ ሁሉ «የኔ አበባ አይጠወልግም» ትላለች። እንዴት ይጠውልግ? ሳቄ መጣ። ከዚያ ፍርሃቴ። ኪሴ ከተትኩት። ዝም። መቼ ተናግሬ አውቃለሁ?

ሰኔ 17
ማዳም የአበባውን መጥፋት አየች። እኔን አልጠረጠረችም። «የሙኒራ ዐይን ነው!» አለች። እፎይ አልኩ። እኛም አገር ቡዳ አለ፤ ግን ሰው ነው የሚበላው። ቁልቋል የበላ አልሰማሁም።

ሰኔ 20፣ ዓርብ
ማዳም በጆሮዬ፦ «ሙኒራ ቡና የጠጣችበትን ፍንጃል እንዳታጥቢ። ትራፊውን ቁልቋሉ ላይ አፍስሺው።» የዐይን መድኃኒቱ ያየው ሰው ትራፊ ነው አሉ። ሳፈስ ሙኒራ ቦርሳዋን ረስታ ተመለሰች። ፍንጃሉን አየች። ቁልቋሉን አየች። ገባት።
«እኔን? የእናትሽን ልጅ?» አለቻት ማዳምን።
በሩን ወርውራው ወጣች። ስልኩም አብሯት ሄደ። እናቴ ዛሬ ጠብቃኝ ይሆናል...

ሰኔ 22
ጣራ ላይ ልብስ ሳሰጣ ለሰብለወንጌል ነገርኳት። የጎረቤት ሠራተኛ ናት፤ አጥር የሚያህል ግንብ ነው የሚለየን።
«ለቁልቋል ቡና! ስኳርስ ጨመርሽለት?»
«ሰብልዬ፣ አትሳቂ።»
«ታዲያ ለምን አትነግሪያትም?»
«ብትመታኝስ?»
«ኸላስ፣ በቃ ዝም በያ! እናትሽን በዝምታ ታናግሪያታለሽ።»
ተናደድኩባት። እውነቷን ስለሆነ።

ሰኔ 26
ማዳም ቁልቋሉን ማየት ጠላች። «ከፊቴ አንሺልኝ!» አሁን ወጥ ቤት ወለል ላይ፣ ከኔ ጎን ነው። ጌትነቱ ቀረ። መላጣ ሆኖ ይሻላል... ሙኒራ ዛሬ ደወለች። ማዳም ስልኩ ሲጮህ ቁጭ ብላ አየችው እንጂ አላነሳችም። ዐይኗ እንባ አዘለ። ለሙጫ! ሞኝ ናት። እኔስ? አበባውን ኪሴ ይዤ የምዞረው?
ሙጫ በዐረብኛ ምን ይባላል ብዬ ሰብልዬን ጠየቅኳት። «ሰምግ» አለችኝ። ለቁልቋሉ ደጋግሜ አልኩለት።
ነገ ዓርብ ነው። ቁርስ ሳቀርብ አበባውን ትሪው ላይ፣ ከሻዩ አጠገብ አስቀምጠዋለሁ። ግልብጥ አድርጌ፣ ሙጫው እንዲታይ። የነቀልኩት እኔ ነኝ እላለሁ። ድምፄ ከጠፋ እንኳ ያችን አንዷን ቃል እላታለሁ። ከዚያ ቆሜ እጠብቃለሁ።