ዘመድ ያልነበርንበት ማተሚያ ቤት

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ከፍርድ ቤት መመለሴ ነው፤ ጫማዬን እንኳ አላወለቅሁም። የጤናህን ነገር ሌላ ጊዜ እጠይቅሃለሁ። አሁን ተናድጃለሁ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆመህ፣ ዓይኔን እያየህ፣ «ይቺን ሴት ከሥራ በስተቀር አላውቃትም» አልክ። ምን ቆርጦህ ነው? ዳኛዋ እኮ ደግመው ጠየቁህ። «እርግጠኛ ነህ?» ሲሉህ ራስህን ነቀነቅህ።

ጠባቂዎቹ ይህን ደብዳቤ ከአንተ በፊት እንደሚያነቡት አውቃለሁ። ያንብቡት! እንዲያውም ለእነሱም እንዲገባቸው ከሥር ከመሠረቱ ልጀምርላቸው።

ይኸውላችሁ፣ እኔና እስረኛችሁ የአንድ እናት ልጆች ነን። አባታችን ለየቅል ስለሆነ በስም አንገናኝም፤ በመልክም ቢሆን እሱ በር ሲገባ የሚጎነበስ፣ እኔ ወንበር ላይ ካልወጣሁ መደርደሪያ የማልደርስ። እማዬ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር» እያለች ትስቅብን ነበር። ስትሞት እኔን ለእሱ ሰጥታ ሞተች።

ወንድም ጋሼ፣ አንተ የምትሠራበትን የመንግሥት ማተሚያ ቤት ፈተና አልፌ ተለማማጅ የሆንኩ ዕለት ወገቤን ይዘህ ወደ ላይ አንሥተህ ጣራ አስነካኸኝ፤ ታስታውሳለህ? በማግስቱ አስተዳደሩ የት ይመድበኛል? አንተ ማሽን ላይ! የሠራተኛው ደንብ ደግሞ የሥጋ ዘመድ በሥጋ ዘመዱ ሥር አይሠለጥንም፣ ደብቆ የተገኘም ይባረራል ይላል። ደንቡን ያተምነው እኛው፣ የጠረዝነው እኛው፤ አላነበብነውም እንዳንል አፍ የለን። «ሌላ ክፍል ቦታ የለም፤ ከተናገርን ወዲያው ትወጫለሽ» አልከኝ። «ከማተሚያ ቤቱ በር ውጭ እህቴ ነሽ። ከበሩ ወዲህ ግን እህት የለኝም፣ ተለማማጅ ነሽ። ገባሽ?»

ገባኝ። ጠዋት ሻይ አብረን ጠጥተን፣ የሸሚዝህን ቁልፍ ሰፍቼልህ፣ ማሽኑ ጋ ስንደርስ «እንደምን አደሩ» እልሃለሁ። አንተም ሳታየኝ «ጨርቁን አምጪ» ትለኛለህ። በመጀመሪያው ሰሞን ሳቄ ያመልጠኝ ነበር።

ሳቄን ያስቆምከው በጥፊ ነው። ማሽኑ ሳይቆም ቀለም የሚቀባውን ተሽከርካሪ ሮለር ልወለውል እጄን ሰደድኩ፤ ሮለሩ ጨርቁን መንትፎ ሲውጠው ጣቶቼ ለጥቂት ተረፉ። ያኔ አጮልከኝ። ጆሮዬ ጭው አለ፤ የወረቀት ክምር ላይ ወድቄ ስነሣ አፌ ደም ደም ይለኛል። ሠራተኛው ሁሉ ዞሮ አየንና ወደ ሥራው ተመለሰ። ማታ እራት አልበላህም። «እዚህ ቤት ያልተመታ ተለማማጅ የለም። እኔ ካልመታሁሽ ያውቁብናል» አልከኝ።

ደንቡ እኮ ተለማማጅ መምታት ክልክል ነው ይላል! ያንን አንቀጽ ግን በዚያ ቤት ያስታወሰው ሰው የለም። ሌሎቹ አሠልጣኞች ሲናደዱ ይመታሉ፤ አንተ ግን ሰው ባየ ቁጥር። ቀለም ቢቀጥን በጥፊ። ወረቀት ጠማማ ብትገባ በማስመሪያ ጣቴ ላይ። የጥራዝ ክፍሏ ሴትዮ ለወሬ ጎራ ያለች እንደሆነማ ቅልጥሜ አለቀለት፤ በርግጫ ነው። አንድ ቀን ቤት ገብተን በሩ ሳይዘጋ ድስት ወረወርኩብህና ግንባርህ ተተረተረ። በማግስቱ «ማሽን መታኝ» ብለህ አወራህ። ማሽኗ እኔ ነበርኩ።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትነው፣ ወንድም ጋሼ። የክፍላችን ኃላፊ፣ ያለ አንቀጽ አፉን ስለማይከፍት ሁሉም ሰው አንቀጽ የሚለው ያ ሰው፣ ያንተን ዱላ ቆሞ ሲያይ ሰነበተና አንድ ነገር ገባው፤ ይቺ ልጅ ሰው የላትም። አሠልጣኟ እንኳ እንደ ጠላት ልጅ ከመታት፣ እኔ ብመታት ማን ይጠይቀኛል? እኛ ዝምድናችንን የደበቅን መስሎን ሰው እንዳለኝም አብረን ደበቅን። መጀመሪያ ጆሮዬን ያጣምም ነበር። ከዚያ ቡጢ ለመደ፣ የጎድን አጥንቴ ላይ፣ ልብስ የሚሸፍነው ቦታ እየመረጠ። አንተ ከማሽኑ ማዶ አንገትህን ደፍተህ ቀለም ታማስላለህ። መንጋጋህ ሲንቀሳቀስ አየው ነበር። እግዜር ያውቃል፣ ከእሱ ቡጢ ይልቅ ያ አንገት መድፋትህ ያንገበግበኝ ነበር።

ያን ቀን አዋጅ እናትም ነበር፣ አስቸኳይ ነው ተብሎ። ወረቀቱ መሐል ላይ ተቀረቀረ፣ ከኋላ የሚመጣው እላዩ ላይ ይቆለላል፣ ማሽኑ ማቃሰት ጀመረ። አንተ ቀለም ልታመጣ ሄደሃል። ቀዩን ቁልፍ ተጫንኩና አቆምኩት። ተለማማጅ ያለፈቃድ ማሽን አያቆምም፣ አውቃለሁ፤ ግን ሲሰበር ቆሜ ልየው?

አንቀጽ ከየት እንደመጣ አላየሁትም። «ማን ፈቀደልሽ?» አለ፤ መልስም አልጠበቀ፣ የብረቱን ማስመሪያ በስለቱ በኩል እጄ ላይ አሳረፈው። የቀለበት ጣቴ ቀጭ ብሎ ወደ ጎን ዞረ። ስጮህ ፀጉሬን በእጁ ጠቅልሎ ፊቴን ወደ ሮለሩ ደፋው። «አንቺ ካቆምሽው አንቺው ታስነሺዋለሽ!» ይላል፤ በሌላው እጁ አረንጓዴውን ቁልፍ ይዳብሳል። ቀለሙ ጉንጬን ነካኝ። ቀዝቃዛ ነው። ማስፈራራቱ ነው ልበል ብዬ ነበር፣ ግን ጣቱ ቁልፉን ሲያገኘው ሰማሁት።

አንተ ደረስክ። ከማሽኑ ሥር ያነሣኸው የብረት መፍቻ መጀመሪያ ትከሻው ላይ ወረደ፤ ፀጉሬን ለቀቀ። ዞር ሲልልህ መንጋጋው ላይ ደገምከው፣ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ወጣ። ወደቀ። እዚያ ላይ ብትተወው ኖሮ ዛሬ እዚህ ሁሉ ባልደረስን። አንተ ግን መፍቻውን ጥለህ ደረቱ ላይ ተንበረከክህና በጡጫህ ቀጠልክ። አፉን፣ ዓይኑን፣ አሁንም አፉን። ጥርሱ ያልታተመው ነጭ ወረቀት ላይ ተበተነ። ትንፋሽህ ብቻ ነው የሚሰማው። ያን ሁሉ ጊዜ ለእኔ ብለህ የዋጥከውን ነው አንድ ላይ ያወጣህበት። እውነቱን ልንገርህ? መጀመሪያ ላይ እሰይ ብያለሁ። ኋላ ግን ሰውዬው መንፈራገጡን ሲተው ፈራሁልህ። «ወንድም ጋሼ» ልል አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን «ይተዉት! እባክዎ ይተዉት፣ ሞተ እኮ!» ነው። እንደዚያ ሆነህ፣ ጣቴ ተንጠልጥሎ፣ አንቱ አልኩህ። አንተም አልሰማኸኝም። አራት ጎረምሳ ነው ጎትቶ ያነሣህ።

ለፖሊስ «የቆየ ቂም ነበረን» አልክ። እኔ ሠልጥኜ የምስክር ወረቀቴን እስክይዝ ጥቂት ነበር የቀረኝ፤ ገባኝ፣ ለእኔ ነው። በጠበቃህ በኩልም «አታውቀኝም፣ ዝም ትበል» ብለህ ላክህብኝ። ጠበቃው ግን ምን አለኝ መሰለህ? «ዓይኑ እያየ እህቱን በማሽን ሊያስጨፈልቅበት ሲል ከሆነ የመታው፣ ቅጣቱ ይቀላል። በቂም ከሆነ ግን እዚያው ይሸብታል።» እንግዲህ ለአንድ ምስክር ወረቀት ብዬ ላሸብትህ? አንተ ብቻ ነህ እንዴ ሰው የምትወደው?

ዛሬ ያልኩትን ሰምተሃል። ከእኔ በፊት የተናገሩትንም ሰምተሃል። የጥራዝ ክፍሏ ሴትዮ ምላ ተገዝታ «እሱ ራሱ እንደ እባብ ሲቀጠቅጣት የኖረ ሰው ነው፤ ለእሷ ብሎ ዝንብ አይገድልም» አለች። አልዋሸችም እኮ! ያየችውን ነው የተናገረችው። አንቀጽም መንጋጋው ታስሮ፣ አንድ ዓይኑ ጠፍቶ ፊት ለፊት ተቀምጧል። አላዘንኩለትም፤ ለይምሰል አላዝንም። ተነሥቼ «ወንድሜ ነው፣ የእናቴ ልጅ ነው» ስል አዳራሹ ተንሾካሾከ። ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁና፣ «ወንድም እህቱን እንዲህ ይመታል?» አሉኝ።

«ይመታል፣ ክብርት ዳኛ» አልኳቸው። «እንዳትባረርበት ብሎ ይመታል።»

ሊያምኑኝ ትንሽ ነበር የቀራቸው። ያኔ ነው አንተ አላውቃትም ያልከው። «ተከሳሹ ራሱ እየካደ እኔ ምን ላድርግ?» አሉና ለሰኞ ቀጠሩት።

ስመለስ በማተሚያ ቤቱ በኩል አለፍኩ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። መታወቂያዬን በር ላይ ተቀበሉኝ፤ የንብረት ክፍሉ ሰውዬ የሥራ ልብሴን እየቆጠረ «ወንድሜ ነው አልሽ አሉ? ውሽማሽ ነው እንጂ!» ብሎ ሳቀ። በደህናው እጄ አንድ ጥፊ አላስኩት፤ መነጽሩ ጥግ ድረስ ሄደ። አነሣሡም አወራረዱም ቁርጥ ያንተ ነው። አሠልጣኝስ ነበርክ።

እንግዲህ ተለማማጅነቴ አበቃ። ልታድንልኝ የፈለግኸው ወረቀት የለም፣ ጠፍቷል፣ በቃ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ወረቀቱስ ለቀቀኝ፣ የቀረኸው አንተ ነህ። የማን እንጀራ እንዳይቆረጥ ነው አሁን የምትክደኝ? ለኔ ብሎ መክዳት የሚባለውን ነገር እጠላዋለሁ። ከጥፊህ ሁሉ የዛሬው አመመኝ። በጥፊው እህትህ ነበርኩ፤ ዛሬ ማንም አልነበርኩም።

ስለ ጥፊው ይቅር ብዬሃለሁ የምልህ እንዳይመስልህ። አላልኩም። የግራ ጆሮዬ አሁንም ይጮኻል። ስትወጣ ቁጭ ብለን በደንብ እንጣላበታለን፤ ድስቱም አለ። ግን ለመጣላትም መጀመሪያ መውጣት አለብህ።

ሰኞ ከፊት ወንበር እቀመጣለሁ። ሲያስገቡህ እነሣና «ወንድም ጋሼ!» ብዬ እጠራሃለሁ፣ ጮክ ብዬ፤ ዳኛዋም አንቀጽም ያቺ ሴትዮም ይስሙኝ። ፖሊሱ «ተቀመጪ» ቢለኝ አልቀመጥም፤ ቢያስወጡኝ ከበሩ ላይ እጠራሃለሁ። ሌላ ምንም እንድትናገር አልፈልግም። ቀና በልና «ወዬ» በለኝ።

የእናትህ ልጅ