የለዝሃር «አይሆንም» ወደ መዝገቡ ይመለስ

ለሀንሺር ሩማን ከተማ ምክር ቤት ሰብሳቢ
ሀንሺር ሩማን፣ ቱኒዚያ
ኖቬምበር 18 ቀን 2027 እ.ኤ.አ.

ጉዳዩ፦ የሟች ለዝሃር ማህጁቢ ተቃውሞ በቃለ ጉባኤው እንዲገባና ማሽኑ የነዋሪዎችን ሐሳብ አንድ ማድረጉን እንዲያቆም ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች ዙቤይር ቡግዲሪ ቅመም ነጋዴ ነኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት አዲሱ ገበያ በደረቁ ወንዝ ላይ ይሠራ ወይ ተብለን አዳራሽ ተጠራን። የተናገርነውን ምክር ቤቱ ያስገባው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሰምቶ በአንድ ገጽ አጠቃለለው።

1. እኔ ይሠራ አልሁ። ጎረቤቴ ጡረተኛው የባቡር ሠራተኛ ለዝሃር ግን ተነሥቶ፣ «ውሃው በዚህ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። እናንተ ሱቅ ሠራችሁ ብሎ ሌላ መንገድ አይፈልግም። አይሆንም ብያለሁ፤ ጻፉልኝ» አለ። አዳራሹ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

2. ማሽኑ የጻፈው ግን «ነዋሪዎች በሙሉ ደግፈዋል፤ የውሃ ነገርም እንዲታሰብበት አደራ ብለዋል» የሚል ነው።

3. ገበያው ከተከፈተ በኋላ ለዝሃር ከሰዓት ከሰዓት እዚያ ወዳለው ሱቄ እየመጣ፣ ሻዬን እየጠጣ ይሞግተኝ ነበር። «አንተ በርበሬ ሻጭ፣ ዋና ተማር» ይለኝ ነበር። ባለፈው ወር ጎርፉ ሲመጣ እኔ ዕቃ ላመጣ ወጥቼ፣ እሱ እኔን እየጠበቀ ሱቄ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ጎርፉ ወስዶት አስከሬኑን ባሕሩ ዳር አገኘነው።

4. ስለ ጎርፉ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚቴ ያንኑ ገጽ ይዞ «ከነዋሪው አስቀድሞ ያስጠነቀቀ የለም» ሲል ደመደመ። ሚስቱ ሳልሃ ይህን የሰማችው በሬዲዮ ነው። እንዲታረም ብጠይቅ የጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኛ፣ «አጎቴ ዙቤይር፣ ለአንድ ሰው ቃል ምን አደከመዎት? ማሽኑ እኮ የሚጽፈው የተስማማንበትን ነው። ጠብ እንዳይነሣ ብለን ነው» አለኝ። ክቡር ሆይ፣ ያን ዕለት ጠብ ተነሥቶ ቢሆን በተሻለ ነበር።

5. በሚቀጥለው ሳምንት ገበያውን እዚያው መልሶ ስለመሥራት ስብሰባ ተጠርቷል፤ የሚያጠቃልለውም ያው ማሽን ነው። ስለዚህ የለዝሃር ቃል እንዳለ እንዲገባ፣ ከእንግዲህም ተቃውሞ ያለው ሰው ቃሉ ለብቻው እንዲሰፍርና ራሱ አይቶ ሳያረጋግጠው ምንም እንዳይጸድቅ እንዲያዝዙልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ከተማችን ገበያ እንደሚያስፈልጋት ዛሬም አምናለሁ። እዚያ ቦታ ላይ ግን በስብሰባው ተነሥቼ አይሆንም የምለው እኔ ነኝ። አዳራሹ እንደሚስቅብኝ አውቃለሁ። ይጻፍልኝ።

ከአክብሮትና ከሐዘን ሰላምታ ጋር፣
ዙቤይር ቡግዲሪ
(ፊርማ)