ስለ እትዬ ማለዳ ዕረፍትና ሳይታረም ስለቆየው ገጽ

የጥሞና ጽሑፍ ዝግጅት ክፍላችን ዋና አዘጋጁን በሞት ተነጥቋል። ባልደረቦቻቸውም አንባቢዎቻቸውም «እትዬ ማለዳ» የምንላቸው፣ ጠዋት ጠዋት ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር የምትነበበውን ትንሿን መጽሔት ሲያዘጋጁ የኖሩት እናታችን ባለፈው ሰኞ በቤታቸው ዐርፈዋል። ሐዘናችን ከባድ ነው። ከሐዘኑ ጋር የታመቀ ነገርም አለብን፤ እሱንም ሳንሸፋፍን እንናገራለን።

እትዬ ማለዳ ወደ ክፍሉ የመጡት ከመምህርነት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከማተሚያ ማሽኑ አጠገብ ባለች፣ መስኮቷ በማይዘጋ ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ጽፈው ብቻቸውን እያረሙ፣ መጽሔቷን አንድም ወር ሳያስታጉሉ አውጥተዋል።

በአገልግሎታቸው በአምስተኛው ዓመት እስከ ዛሬ የምንሠራበትን ደንብ አቆሙ። ማንኛውም ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ከመግባቱ በፊት ጥቅሱ ለሚከብደው ሰው ይነበባል፤ ስለ ይቅርታ የተጻፈው ለተበደለ፣ ስለ ፈውስ የተጻፈው ላልተፈወሰ። ረቂቅ ይዘን ስንገባ ቀድመው የሚጠይቁን «ለማን አነበባችሁት?» ብለው ነበር። «ለራሴ» ያለ ሰው ወንበር ሳይስብ ይመለሳል።

ባለፈው ዓመት ስለ ሰማንያ ስምንተኛው መዝሙር ጻፉ። መዝሙሩ ጸሎተኛው ከጨለማ ሳይወጣ የሚያበቃ ነው። ረቂቁን ይዘው ልጇ ታሞ ወደሞተባት አንዲት ልብስ ሰፊ ቤት ሄዱ። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን አቁማ እስከ መጨረሻው ሰማችና «እንደሱ ይሁን፣ እንዳይነካ» አለች።

ተነካ። የሥራ አመራር ቦርዱ እያንዳንዱ ጥሞና በማጽናኛ ቃል ይዘጋ የሚል ልማድ አለው። ክፍሉ ሳያውቅ፣ በማተሚያ ቤቱ ውስጥ፣ «ከልቡ ያመነ ሰው የለመነውን አያጣም» የሚል መዝጊያ ተጨመረበት። ልብስ ሰፊዋ መጽሔቷን ይዛ መጣች። «እትዬ፣ ልጄ የሞተው እኔ ስላላመንኩ ነው ማለት ነው?» ስትል ጠየቀች። ከዚያ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያናችን ጉባኤ ጋር ለጸሎት ተቀምጣ አታውቅም።

እትዬ ማለዳ እርማት እንዲወጣ ቦርዱን ጠየቁ። ሰብሳቢው «እትዬ፣ ሰው ገና ከአልጋው ሳይወርድ ያልቅስ ነው የሚሉት?» አሏቸው። «ሲያለቅስ ላደረም እኮ ይነጋል፤ እሱ ምን ያንብብ?» ሲሉ መለሱ። በዚያው ስብሰባ ከክፍላችን አንዲት ወጣት አዘጋጅ፣ የኢዮብ ወዳጆችም በባዶ ማጽናኛ እንደተወቀሱ በማስታወሷ «አንቺ ገና ልጅ ነሽ» ተብላ እንድትወጣ ተደረገ። እትዬ ማለዳም ቦርሳቸውን አንሥተው «ልጅ ከሆነች መንገድ እንዳይጠፋባት ልሸኛት» ብለው አብረዋት ወጡ። ወጣቷ እስከ ዛሬ ወደ ስብሰባው አልተጠራችም። እርማቱም «የታተመ ታትሟል» ተብሎ ቀረ። ለሌላው በየዕለቱ ንስሐ የምንሰብክ ሰዎች፣ ለአንድ መስመር ይቅርታ መጠየቅ አቃተን።

ትናንት ከቦርዱ የወጣው መግለጫ እትዬ ማለዳ «ያሰቡትን ሁሉ ፈጽመው፣ በሙሉ ደስታ» እንዳረፉ ይገልጻል። እንደዚያ አይደለም። በመጨረሻው ሳምንት ልንጠይቃቸው ስንሄድ፣ ትራሳቸውን ሳናስተካክልላቸው ገና «ወጣ?» ነበር ያሉን። እርማቱ አልወጣም ነበር። በጽሑፋቸው ላይ የተደረገው በሞታቸውም ላይ ተደረገ፤ ያማረ መዝጊያ ተለጠፈበት።

ይህ የእኛ መግለጫም ከቦርዱ «ለስለስ ይበል» እየተባለ ደጋግሞ ተመልሶብናል። ስንቱን እናለስልስ? በደንባቸው መሠረት ለልብስ ሰፊዋ አነበብንላት። «የጻፉትን መልሱላቸው» አለችን። ከዚያ በኋላ ለማንም አላሳየነውም።

ስለዚህ ክፍሉ የሚከተለውን ያስታውቃል። በመዝሙሩ ጥሞና ላይ የተጨመረው መዝጊያ የእትዬ ማለዳ አይደለም። ሐሰትም ነው። ልጇን ያጣችውን እናት በዚህ ጽሑፍ፣ በአደባባይ፣ ይቅርታ እንጠይቃለን። በዚህ ምክንያት ከሥራ የሚሰናበት አዘጋጅ ካለ ይሰናበት፤ የወጣውን እርማት ግን ማንም መልሶ አያስገባውም።

ለታላቅ እኅታቸው፣ እንደ ልጅ ላሳደጓቸው የወንድማቸው ልጆች፣ ለማተሚያ ቤቱ ሠራተኞችና በየማለዳው ላነበቧቸው ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን፤ ጊዜውን ጠብቆ የሚመጣውን መጽናናት እንጂ የሚያጣድፈውን አይደለም።

የጥሞናው ትክክለኛ መዝጊያ፣ እትዬ ማለዳ በጻፉት መሠረት፣ ይህ ነው፦

«መዝሙሩ እዚህ ላይ ያበቃል። እግዚአብሔር ይህን ጸሎት ከመጽሐፉ አላወጣውም፤ ብርሃንም አልቀጠለበትም። በጨለማ የምትጮኹ ሆይ፣ ጩኸታችሁ ጸሎት ነው። ዛሬ ከዚህ በላይ ማለት ካልቻላችሁ፣ ይህ ይበቃል።»