ወባ ነው ያልነው

ሰኞ

አምስት ቤት ገባን። ሦስቱ ስኳር ወይም ግፊት ይመስላሉ፣ አንዱ የባጃጅ አደጋ፣ አንዷ በወሊድ። ወባ አንድም የለም።

ከክሊኒኩ ወጥቼ ለዚህ ጥናት መዞር ከጀመርኩ ሁለት ሳምንቴ ነው። ሰው የሞተበት ቤት ገብቶ አሟሟቱን መጠየቅ ነው ሥራው። ያስለው ነበር? ውሃ ይጠማው ነበር? ሰው የሚሞትበት ምክንያት እየተለወጠ ስለሆነ በጎረቤት አገሮችም ይኸው ይጠየቃል አሉ። አብሮኝ የሚዞረው አጣሂር የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ነው፤ ከሱዳን ሸሽተው የመጡ ዘመዶች አሉት። "እዚያም እንደዚህ ነው። ድሮ ወባ፣ ተቅማጥ። አሁን ስኳር" አለኝ።

ነገ ተረኛው የእኛ የሰፋሪዎቹ መንደር ነው። የእኛም ቤት ዝርዝሩ ውስጥ አለ። በአባባ ሞት።

ማክሰኞ

የራስን ቤተሰብ መጠየቅ ክልክል ነው። "አንቺ አይገባም፣ እኔ ይገባል" ብሎ አጣሂር ገባ። እኔ ከመስኮቱ አጠገብ ማንጎው ሥር ተቀመጥኩ። መራቅ ነበረብኝ። አልራቅኩም።

እማዬ መጀመሪያ ሁላችንም የምንለውን አለች። ወባ ነው፣ ጭንቅላቱ ላይ ወጣበት። አጣሂር ግን ጥያቄ አይዘልም። ውሃ? "እንስራው አይበቃውም ነበር።" ክብደት? "ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም አለ።" የማይድን ቁስል? "ስኳር ነው ብለውት ነበር" አለች።

እኔ ነርስ ነኝ። ልጁ ነኝ። ገና ዛሬ ሰማሁ።

ረቡዕ

ሥራ ቀረሁ። እማዬ ላይ ጮህኩባት።

"አስምሎኝ ነው" አለች። "'ከድጃ ገና ሥራ መያዟ ነው፣ ከሰማች ጥላው ትመጣለች' አለ። ምን ላድርግ?"

ያኔ ድባጤ ወረዳ ነበር የምሠራው። ታሟል ተብዬ ስጠራ መንገዱ አስጊ ስለነበር ለመድረስ አራት ቀን ፈጀብኝ። ደርሼ ያደረግኩትን ልጻፈው። ትኩሳት ነበረው፤ ሳላስመረምረው የወባ ኪኒን ሰጠሁት። ጠማኝ ሲል ለስላሳ ገዛሁለት። ሦስት ጠርሙስ። "ባትመጪልኝ ምን ይውጠኝ ነበር" እያለ ጠጣ። በማግስቱ አልነቃም።

እማዬ አጠገባችን ነበረች።

"ለስላሳውን ስሰጠው ለምን ዝም አልሽ?"

"የተማርሽው አንቺ። መድኃኒት መስሎኝ።"

እሷም አለቀሰች፣ እኔም።

ሐሙስ

ሁለት ቤት ብቻ። ሁለተኛው ቤት፣ ባሏ የሞተባት ሴት ፊት ለፊት ተቀምጬ "ውሃ ይጠማው ነበር?" የሚለው ላይ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። አጣሂር ወረቀቱን ተቀብሎኝ ጨረሰው።

ስንመለስ፣ "ለስላሳ ብቻ አይደለም የገደለው። ብዙ ጊዜ ቆየ ስኳሩ" አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው። ግን ውሸትም አይደለም። ሁለቱንም ይዤ ገባሁ።

እንቅልፍ የለም። የምግብ ፍላጎት የለም። ስኳር በዘር እንደሚሄድ ለስንቱ በሽተኛ ተናግሬያለሁ፤ የራሴን ወንድም አንድ ቀን መርምሬው አላውቅም።

ቅዳሜ

የስኳር መለኪያውን ከክሊኒኩ አስፈቅጄ በጠዋት መንደር ሄድኩ። ማንም ቁርስ እንዳይበላ ትናንት ደውዬ ነበር።

ወንድሜ እንድሪስ እየሳቀ ጣቱን ሰጠኝ። ደህና ነው። እማዬ፣ ደህና። ተመስገን አልኩ።

"ያንቺስ?" አለች እማዬ።

ወጋሁ። ከፍ ብሏል። በጣም አይደለም፣ ግን ከፍ ብሏል። ሌላ ጣት ወጋሁ። ያው ነው።

"ደህና ነኝ" ልላት ነበር፤ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አልቻልኩም፤ ነገርኳት።

ሻሿን አስተካክላ ተነሳች። "ሰኞ ሆስፒታል አብሬሽ እሄዳለሁ። እንዳትናገሪ ብትዪኝ አልሰማሽም፤ ለእንድሪስም ለጎረቤቱም እናገራለሁ።"

"እሺ" አልኳት።

ፈርቻለሁ። ግን ብቻዬን አይደለሁም።